ስለ ሱን ያት ሰን መታሰቢያ አዳራሽ የሚነገሩ ስህተቶች

ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ለሚመጡ የአገሬ ነጋዴዎች እያስተረጎምኩ ከገበያ ገበያ መዞር እንጀራዬ ነው። አብዛኞቹ የሚያርፉት ሻዎቤይ በሚባለው ሰፈር ወይም በዙሪያው ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ ከዩዌሺዩ ኮረብታ ግርጌ፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ትልቅ ሕንጻ ይገኛል። የንጉሠ ነገሥቱን ሥርዓት ያስወገደውን አብዮት የመሩት የሱን ያት ሰን መታሰቢያ አዳራሽ ነው። በዚያ ባለፍን ቁጥር የምሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ይሄ ደግሞ ቤተ መቅደሳቸው መሆኑ ነው።» አይደለም። ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ ላስቀምጠው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ከጥንት ነገሥታት ዘመን የቀረ ነው።» የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በጥር 1929 ነው፤ ግንባታው የተጠናቀቀው በ1931። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን የለቀቀው በ1912 ስለሆነ በዚህ ሕንጻ የተቀመጠ ንጉሥ የለም።

«ኮሚኒስቶቹ የሠሩት ነው።» የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ የተመሠረተው በ1949 ነው። አዳራሹ 18 ዓመት ይቀድመዋል። ያሠሩት የሱን ያት ሰን ፓርቲ የኩኦሚንታንግ ሰዎች ናቸው፤ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ቻይናውያንም ገንዘብ አዋጥተውለታል። ኮሚኒስቶቹም ቢሆኑ ሱን ያት ሰንን የአብዮቱ ፈር ቀዳጅ ብለው ያከብሯቸዋል፤ ከፊት ለፊት የቆመው የነሐስ ሐውልት የተተከለው በ1956፣ በእነርሱ ዘመን ነው።

«ታይዋን ያለው ነው፣ በፎቶ አይቼዋለሁ።» ታይፔ ውስጥ ያለው ነጩ ባለ ሰማያዊ ጣሪያ ሕንጻ ከሱን ያት ሰን በኋላ ኩኦሚንታንግን የመራው የቺያንግ ካይሼክ መታሰቢያ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1980 ነው። ሌላ ሰው፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ዘመን።

«አስከሬናቸው እዚያ ውስጥ ነው።» ሱን ያት ሰን ያረፉት በመጋቢት 1925 ቤጂንግ ውስጥ ነው። መቃብራቸው ያለው ናንጂንግ፣ ሐምራዊው ተራራ ላይ ነው፤ አስከሬናቸውም በሰኔ 1929 ወደዚያ ተወስዶ ተቀብሯል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ መቃብሩንም አዳራሹንም የነደፈው አንድ ሰው ነው። ጓንዡ ላይ ግን መቃብር የለም።

አሁን ወደ ቤተ መቅደሱ ጉዳይ ልምጣ፤ ያታከተኝ እሱ ነውና።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከነጓደኞቻቸው ይዣቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «እኔ ጣዖት ቤት አልገባም» ብለው በዚያ ሐሩር ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብለምናቸውም እሺ አላሉም። ሃይማኖታቸውን ማክበራቸውን እኔም አከብራለሁ። የሚያሳዝነኝ ባልነበረ ጣዖት ምክንያት ትልቅ ነገር ሳያዩ መቅረታቸው ነው። ይህ መታሰቢያ የቆመላቸው ሰው በወጣትነታቸው ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተጠመቁ ክርስቲያን ነበሩ፤ በሙያቸው ደግሞ ሐኪም። ሌላ ወጣት ነጋዴ ገብቶ እጣኑ የት እንደሚጨስ ጠይቆኛል። ሦስተኛው ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ አሳይቶ «ጸሎት ነው?» አለኝ። ጸሎት አይደለም። በሱን ያት ሰን የእጅ ጽሑፍ የተቀረጸ፣ ከጥንቱ የሥርዓት መጽሐፍ የተወሰደ አባባል ነው፤ ከሰማይ በታች ያለው ሁሉ የሁሉም ሰው ነው ይላል።

በውስጡ ያለው ምንድን ነው? መድረክና ወንበር። ከላይ ደግሞ ሰገነት፣ እሱም በወንበር የተሞላ። መሠዊያ የለም፣ መሥዋዕት የሚቀርብበት ስፍራ የለም። ሲሠራ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው እንዲይዝ ነበር፤ አሁን ወንበሮቹ ሰፋ ተደርገው ከ3,000 በላይ ይዟል። ዛሬም ሙዚቃና ቴአትር ይቀርብበታል። አዳራሽ ነው፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ንግግር የሚሰማበት። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሱን ያት ሰን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሕዝብ ፊት ቆመው በመናገር ነው፤ ሦስቱን የሕዝብ መርሆዎች የሚባለውን የፖለቲካ ትምህርታቸውን በተከታታይ ያስተማሩትም እዚሁ ጓንዡ ውስጥ በ1924 ነበር። ቦታውም ቢሆን ተመርጦ ነው። በ1921 ፕሬዚዳንት ተብለው ይሠሩበት የነበረው ቤተ መንግሥት እዚህ ላይ ነበር፤ በሰኔ 1922 ደግሞ የጄኔራል ቼን ጂዮንግሚንግ ጦር በመድፍ ደብድቦ አባረራቸው። የተባረሩበት ስፍራ ላይ ሺዎች የሚሰበሰቡበትን ቤት ሠሩላቸው። ለዚህ ሰው ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይታየኝም።

አዳራሽ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ግንባታውንም አይረዳውም። የድሮ የቻይና አዳራሽ የሚቆመው በእንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ ርዝመቱ ውስን ስለሆነ ሰፊ ጣሪያ ለመሸከም ብዙ ዓምድ ይፈልጋል። ቤጂንግ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ትልቁ አዳራሽ 72 ዓምዶች አሉት። ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ለሚቀመጥበት ቤት ይህ ችግር አይሆንም። አምስት ሺህ ሰው አንድ ተናጋሪ ማየት ሲኖርበት ግን እያንዳንዱ ዓምድ ከኋላው ያለውን ሰው ይጋርዳል።

ይህን የፈታው ሉ ያንዢ ነው። አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመለሰ አርክቴክት ነበር፤ በ1925 የናንጂንጉን፣ በቀጣዩ ዓመት የጓንዡውን የንድፍ ውድድር አሸንፏል። ከጣሪያው በታች እርስ በርስ የተሳሰሩ ግዙፍ የብረት ተሸካሚዎችን ዘረጋ። ክብደቱን የሚቀበሉት ስምንት ዓምዶች ግድግዳው ውስጥ ተደብቀዋል። ስለዚህ 71 ሜትር የሚሰፋው አዳራሽ መሃሉ ላይ አንድም ዓምድ የለም፤ እጀታውን እንዳወለቁበት ጃንጥላ ከላይ ተዘርግቶ ይታያል። ከውጭ ሲታይ ግን አራቱም ጎኖቹ ቀያይ ዓምዶችና የቻይና ጣሪያ ያላቸው፣ መሃሉ ወደ ላይ የተነሣ የአገር ቤት ነው።

እዚህ ላይ ግማሽ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ይመጣሉ። «እንግዲያው አስመስሎ የተሠራ ነው» ይላሉ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንጨት የሚመስሉት ድጋፎች አርማታ መሆናቸውን ሲሰሙ ደግሞ ይብስባቸዋል። እውነት ነው፣ እንጨት አይደሉም፤ የድሮውን የመሸከም ሥራም አይሠሩም። ግን ሉ ማንንም አላታለለም። ንጉሠ ነገሥቱ ከወረደ በኋላ የቆመው ሪፐብሊክ ገና ልጅ ነበር፤ ሕዝቡ ዓይቶ «የእኛ ነው» የሚለው መልክም፣ ሺዎችን በአንድነት የሚያስቀምጥ ጉልበትም ያስፈልገው ነበር። አንዱን ከአገሩ፣ ሌላውን ከተማረበት አመጣና አንድ ቤት አደረጋቸው። ይህን ማስመሰል የሚል ሰው ሕንጻው ውስጥ አልተቀመጠም። ሉ ራሱም አልተቀመጠበትም፤ የመሠረት ድንጋዩ በተጣለ በሁለት ወሩ፣ በመጋቢት 1929፣ በካንሰር በ34 ዓመቱ ሞተ። ሥራውን የጨረሱት ባልደረቦቹ ናቸው።

ጣሪያው ሰማያዊ የሆነው «ለውበት ነው» የሚሉም አሉ። ቢጫ የሚያብረቀርቅ የሸክላ ክዳን የንጉሠ ነገሥቱ ቀለም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን ያስወገደ ሰው መታሰቢያ ቢጫ ይለብሳል? ሰማያዊው የሪፐብሊኩ ሰንደቅ ላይ ያለው ሰማይ ነው። ቤጂንግ ያለው የሰማይ ቤተ መቅደስም ጣሪያው ሰማያዊ ስለሆነ፣ ያንን በፎቶ ያየ ሰው ይህንንም መቅደስ ነው ብሎ ይገምታል ብዬ አስባለሁ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። መስከረም 16 ቀን 1945 በጓንዡ አካባቢ የነበረው የጃፓን ጦር እጁን መስጠቱን የፈረመው እዚያው ነው። የከተማው ሰዎች ቦታውን የሚወዱት ለአንድ ሰው ብለው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። በምድር ባቡሩ 2ኛ መስመር ሂዱ፤ ጣቢያው በአዳራሹ ስም ይጠራል። ግቢውን ፎቶ አንስቶ መመለስ ይቅር፤ ቲኬት ቆርጣችሁ ውስጥ ግቡ። የመድረክ ልምምድ ካለ ውስጡ ሊዘጋ ስለሚችል ቀድማችሁ አስጠይቁ። ከገባችሁ በኋላ መሃል ላይ ቁሙና ቀና በሉ፤ ከዚያ ኋላ ካለው ወንበር ተቀምጣችሁ መድረኩ ሳይጋረድ መታየቱን ራሳችሁ አረጋግጡ። ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም። ስትወጡ ከጀርባ ያለውን ኮረብታ ውጡ፤ አናቱ ላይ ያለው የድንጋይ ሐውልትም የሉ ሥራ ነው፣ ከአዳራሹም ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው የቆመው።

ግቢው ውስጥ ያለው ትልቁ የጥጥ ዛፍ ለመታሰቢያ የተተከለ አይደለም፤ ዕድሜው ከ300 ዓመት በላይ ነው። በመጋቢት ግድም ከመጣችሁ ቅጠል ሳያወጣ ቀይ አበባ ያብባል። ሁሉንም ለማዳረስ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ዕቃችሁ እስኪታሸግ መጠበቃችሁ ስለማይቀር ጊዜው አላችሁ።