የጦስኝ ዘይትና የፍራፍሬ ሻጋታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ፍራፍሬ ከሚሸጡ እናቶች አጠገብ ለግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ሻጋታ የሚያደርሰውን ጉዳት አይረሳም። ከአርባ ምንጭ ድረስ የተጓዘ ሙዝ አንገቱ ጠቁሮ፣ ብርቱካን አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ይጣላል፤ አብሮ የሚጣለው የእነርሱ ገንዘብ ነው። «የጦስኝ ዘይት ሻጋታ ይገድላል» የሚለው ወሬ ተስፋ ቢያሳድርባቸው አይገርምም። ወሬው መሠረት አለው፤ የተጨመረበት ግን ብዙ ነው።

«የበሰበሰውን ይመልሳል።»
ኪስ የሚያራቁተው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የበሰበሰ ፍሬ ተመልሶ አይጠነክርም። ማንጎን የሚያጠቁረው አንትራክኖስ የተባለ በሽታ ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ልጣጩ ውስጥ ገብቶ ያደፍጣል፤ የሚነቃው ፍሬው ሲበስል ነው። ትናንት ንጹሕ የነበረው ማንጎ ዛሬ ነጠብጣብ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ላይ ላዩን የተቀባ ዘይት ያደፈጠውን ሁሉ አይደርስበትም፤ እንደተለቀመ ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያህል መንከር ይሻለዋል። የብርቱካን አረንጓዴ ሻጋታ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ጥፍር የጫረው ወይም የሳጥን ጠርዝ የላጠው ቦታ በሩ ነው። ዘይቱ የሚረዳው እዚህ ላይ፣ ሻጋታው ሥር ከመስደዱ በፊት ነው።

«የጦስኝ ቅጠል በፍሬዎቹ መሃል መነስነስ ከዘይቱ ጋር ያው ነው።»
አይደለም። ከሰሜን ተራሮች አካባቢ ተለቅሞ ለሻይ የምናፈላው ጦስኝ ኃይሉ ታይሞልና ካርቫክሮል በተባሉ ንጥረ ነገሮች ላይ ነው፤ የሻጋታውን ሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሱት እነዚህ ናቸው። በእንፋሎት ተነጥሮ ሲወጣ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቅጠል የዘፈዘፍንበት የምግብ ዘይትም ይህን አይተካም።

«የተፈጥሮ ስለሆነ ቢበዛ አይጎዳም።»
እኔ ራሴ ይህን አምኜ ያልተበረዘ ዘይት ብርቱካን ላይ አንጠባጥቤ ነበር። በማግስቱ ልጣጩ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት፤ የተቃጠለ ልጣጭ ደግሞ ለሻጋታ አዲስ በር ነው። ያልተበረዘው ዘይት የሰው ቆዳም ያቃጥላል፣ መጠኑ ሲያልፍም የፍሬውን ጣዕም ይለውጣል። ውሃ ውስጥ መጨመር ብቻውን አያቀልለውም፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ አንዱን ፍሬ ያጠግባል፣ ሌላውን ይዘለዋል። ስለዚህ ማዋሃጃ ያስፈልገዋል። ተመራማሪዎች የግራር ሙጫን ከቀረፋ ወይም ከጠጅ ሳር ዘይት ጋር አዋህደው ሙዝና ፓፓያን በመሸፈን አንትራክኖስን ቀንሰዋል። እኔን በጣም ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ መንገድ ነው፤ ሙጫውም ጠጅ ሳሩም በአገራችን አለና።

«አንድ ጊዜ ከተቀባ ይበቃል።»
ዘይቱ የሚተን ነው። ፀሐይ ላይ በተቀመጠ ክፍት ቅርጫት ቶሎ ይጠፋል፤ እንፋሎቱ የሚሠራው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜም ሻጋታውን አይገድለውም፣ ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ፤ እንፋሎቱ ሲያልቅ እንደገና ይነሣል።

ሳጥኑን ከመዝጋት በፊት ደግሞ የሻገተውን ብርቱካን ማውጣት ያስፈልጋል። ሲያወጡትም አያራግፉት፤ ያ አረንጓዴ ዱቄት የሻጋታው ዘር ነው። በፌስታል በቀስታ ሸፍነው ያንሡትና ከሌሎቹ ያርቁት።