ኢቶግራም ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ሌሊት የጅብ ድምፅ መስማት ብርቅ አይደለም። ልጅ ሆነን ጅቡ «ሂ ሂ ሂ» ሲል አያቴ ጋቢዋን ሳብ አድርጋ «ደግሞ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው?» ትል ነበር። ጅቡ ግን እየሳቀ አልነበረም። ነጠብጣባሙ ጅብ ያን ድምፅ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ጅብ ሲያባርረው፣ ሲነክሰው ወይም ሥጋ ሲሻማው ነው። ጭንቅ ላይ ነው ማለት ነው።

የእንስሳት ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ካለው ስህተት ለመዳን አስቀድመው የሚያዘጋጁት መዝገብ ኢቶግራም ይባላል። አንድ የእንስሳ ዝርያ የሚያደርጋቸው ነገሮች ተለቅመው ይገቡበታል። እያንዳንዱ ድርጊት ስም ይወጣለታል፤ ከስሙ ጎን ምን እንደሚመስል ይጻፋል። የታየው እንጂ የተገመተው አይገባም። «ተቆጣ» አይባልም፤ «ጭራውን አቆመ» ይባላል። መዝገቡ ደህና መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ለሁለት ሰው ስጡና አንድ እንስሳ እንዲያዩ አድርጉ። አንዱ «ተጫወተ»፣ ሌላው «ተጣላ» ብሎ ከጻፈ ትርጉሙ ገና አልጠራም።

ጭላዳን እንውሰድ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ አለ። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ይገለብጥና ድዱንና ጥርሱን ወለል አድርጎ ያሳያል። ላየው ሰው ከት ብሎ የሚስቅ ነው የሚመስለው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «ከንፈር ገለበጠ» ብቻ ነው። ለምን እንዳደረገው የሚገባን ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ደጋግመን ስናይ ነው።

ባሕር ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ዓሣ ነባሪ አብዛኛውን ጊዜውን ውሃ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ጀልባ ላይ ያለው ሰው የሚያገኘው ለመተንፈስ ብቅ ሲል ነው። ስለዚህ መዝገቡ «ተነፈሰ»፣ «በጅራቱ ውሃውን መታ»፣ «ዘሎ ወጣ» በሚሉ ይሞላል። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ከጅራቱ ሥር ያለው ጥቁርና ነጭ መልክ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የትኛው ምን እንዳደረገ በፎቶ ይለያል። ዶልፊንስ? ፈገግታው የአፉ ቅርጽ ነው። ታሞም ያው ነው።

መዝገቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ዓይናችን ጠብ ይወዳል። አሥር ዝንጀሮ ሣር ሲነጭ ሁለቱ ከተነካከሱ የምንጽፈው ስለ ሁለቱ ነው። ጂን አልትማን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ይህን አድልዎ የሚያስቀሩ ዘዴዎችን አስቀመጠች። አንዱ፣ አንድ እንስሳ መርጦ ለተወሰነ ጊዜ እሱን ብቻ መከታተል ነው። ተኝቶም ቢሆን።

ቅዳሜ ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ ሞከርኩት። ፊት ለፊት ካለው ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ ማጅራቱ ነጭ የሆነ ቁራ ቆሟል። አሥር ደቂቃ፣ በየደቂቃው አንድ መስመር። አንደኛው፣ ቆሟል። ሁለተኛው፣ ቆሟል። ሦስተኛው፣ ምንቃሩን ቆርቆሮው ላይ ጠረገ። አራተኛው፣ ቆሟል። (ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል ሲሉ የምር ነው።) ሰባተኛው ላይ «ሥጋ ሊሰርቅ አሰበ» ብዬ ጻፍኩ። ከየት አመጣሁት? ሰረዝኩና «አንገቱን ወደ በሩ አዞረ» አልኩ። ስምንተኛው ላይ ማኪያቶዬን ላማስል ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ቁራው የለም፤ ባለሥጋ ቤቱ ወደ ላይ እያየ ይሳደባል። እኔ የሰረቀውን አላየሁም። ለዚህም ኢቶግራሞች ላይ ቦታ አለ፤ «አልታየም» ይባላል። እሱን ጻፍኩ።