የሚኒስትር ተጠያቂነት ምንድን ነው?

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ የጀበና ቡና የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ ያሳያል፤ አንድ ሚኒስትር የ9 ወር የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ያነባሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ይህ ሰው መጠየቅ አለበት!» አሉ። «ሪፖርቱ ሲያልቅ ይጠይቁት የለም እንዴ፣ አባባ?» አልኳቸው። «እንዲህ ያለውን መጠየቅ አይደለም የምልህ፣ ልጄ» ብለው የሁለት እጆቻቸውን አንጓ አጋጠሙ። ካቴና ማለታቸው ነው።

ጣጣው ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ ጥያቄ እንጠይቃለን፣ በሽተኛ እንጠይቃለን፣ እስረኛም እንጠይቃለን። ስለዚህ «ተጠያቂ ይሆናል» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ስንቅ ይዘው የሚሰለፉበትን የእስር ቤት በር ነው። በጥንቱ ሙግት ግን ከሳሽ «ተጠየቅ!» ሲል ተከሳሽ «ልጠየቅ» ብሎ ፊት ለፊት ይቆም ነበር፤ ተጠያቂነት የሚጀምረው ከቅጣቱ ሳይሆን ከዚያ አቋቋም ነው። ጅማ ላይ ከአማርኛ ጎን ለጎን የሚነገረው አፋን ኦሮሞም ጉዳዩን «ኢቲ ጋፈተሙማ» ይለዋል፤ ሥሩ ያው መጠየቅ ነው።

እንግዲህ የሚኒስትር ተጠያቂነት ማለት ሚኒስትሩ በሥልጣኑ ለሠራውም ሆነ መሥራት ሲገባው ለተወው፣ ወንበሩ ላይ እያለ መልስ የመስጠት ግዴታ ነው። መልሱ ካላረካም ወንበሩን የሚያጣበት መንገድ መኖር አለበት። እስር የሚመጣው ወንጀል ሲኖር ብቻ ነው። ወንጀል ሳይሠራ ሥራውን ያበላሸ ሚኒስትር ሞልቷል፤ ለእሱ መድኃኒቱ ፖሊስ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ለሚኒስትሮች ዋናው ግን አንቀጽ 72 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ በጋራ ለወሰኑትም የጋራ ኃላፊነት አለባቸው። ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ከወሰኑ በኋላ፣ ውጭ ወጥቶ «እኔስ አልተስማማሁም ነበር» ማለት አይሠራም። አንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ማለትም ከ547 መቀመጫ 183 ያህሉ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ይወስዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ሚኒስትር ሁለት ጌቶች አሉት። ለሹመቱ የምክር ቤቱ ማጽደቂያ ያስፈልጋል፤ ለመሻሩ ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ማጽደቂያ አያነሳም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በደብዳቤ ሊያሰናብተው ይችላል። ከሁለቱ ጌቶች የትኛውን የበለጠ እንደሚፈራ ለመገመት ፖለቲካ መማር አያሻም። በዚያ ላይ ሚኒስትር የግድ የምክር ቤት አባል መሆን የለበትም። አባል ያልሆነውን ሚኒስትር መራጩ ሕዝብ አመኔታ አጣሁበት ብሎ ከቦታው ሊያነሳው አይችልም፤ ይህ መብት የሚሠራው በተመራጩ ላይ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ድምፅ ያለው ነው፦ የመንግሥትን ሂሳብ የሚመረምረው የዋና ኦዲተር ሪፖርት። «ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ» የሚለው ደረቅ ሐረግ በየዓመቱ ይመጣል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ደረሰኙ አልተመለሰም ማለት ነው። በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «ደረሰኙ የታል?» የተባለ ኃላፊ በንግግር ችሎታ አያመልጥም።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ባለ አገር ይህ አሠራር ሥር ለመስደድ መቸገሩ አይገርምም። በንጉሡ ዘመን ሚኒስትር የሚሾመውም የሚሻረውም በንጉሡ ፈቃድ ነበር። በየካቲት 1966 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በሕዝብ ቁጣ ተገፍቶ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ አክሊሉንና ተተኪያቸውን እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ጥያቄው ተጀምሮ መልሱ ሳይሰማ ቀረ። በ1989 ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ተነሱ፤ በሙስና ተከሰው በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ሕዝቡ «ተጠያቂነት» ሲባል የሚያስታውሰው እንዲህ ያለውን ነው፤ የሽማግሌው ካቴና ከሰማይ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ሚኒስትሮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ተደንግጓል። የምክር ቤት አባል የሆነ ሚኒስትር፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር፣ በወንጀል የሚከሰሰው ምክር ቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በአጭሩ ነገርኳቸው። ለሰፈራቸው ውኃና ለጤና ጣቢያቸው የሚጠየቀው ሚኒስትሩ ሳይሆን የክልሉ ቢሮ እንደሆነ፣ ቢሮውን የሚጠይቀውም የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ስለ ቡናው የውጭ ንግድና ስለ ዩኒቨርሲቲው ግን ፌዴራሉን መጠየቅ እንደሚቻል፣ በእሳቸው ስም የሚጠይቀውም የመረጡት ተወካይ እንደሆነ ጨመርኩ።

«የእኛ ተወካይ ማን ነው?» አሉ።

ቡና የምትቀዳውን ጨምሮ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ሦስት የተለያየ ስም ጠራን።