ብራውን ቲዩመር ምንድን ነው? (ካንሰር አይደለም!)

አሁንስ በዛ። ሲቲ ስካን ላይ አጥንቱ እዚህም እዚያም ተቦርቡሮ የታየ ሰው ሁሉ "ካንሰሩ ተሰራጭቷል" እየተባለ ቤተሰቡ ለቅሶ ሊቀመጥ ምንም አይቀረው። ሰሞኑን ደሞ አንዱ "ብራውን ቲዩመር ገና ያልከፋ የአጥንት ካንሰር ነው፣ ቶሎ ካልተቆረጠ ይከፋል" ብሎ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ አየሁ። ወንድሜ፣ ከየት አመጣኸው?

ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይሄድም። ችግሩ ያለው አንገት ውስጥ ነው፣ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት ትንንሽ እጢዎች፣ ፓራታይሮይድ (ከእንቅርት ጋር አታምታቱብኝ፣ ጎረቤት ናቸው እንጂ ስራቸው ለየብቻ ነው)።

አጥንትን የካልሲየም ጎተራ በሉት፣ ፓራታይሮይድን ደሞ ቁልፍ ያዥ። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ አውጡ ይላል፣ ሲበቃ ዝም ይላል። አንዱ እጢ ሲያብጥ ግን ዝም ማለት የለም፣ ቀን ከሌት አውጡ አውጡ ነው፣ ጎተራው ይራቆታል፣ ግድግዳው ይቦረቦራል፣ የተቦረቦረው ቦታ በጠባሳ መሰል ነገር ይሞላል፣ እዚያ ውስጥ ደም ይፈሳል፣ ብራውን ቲዩመር የሚባለው ይኸው ነው፣ ብራውን (ቡናማ) የሚያደርገውም የደሙ ብረት ነው። ያ "ይቆረጥ" ባዩ ሰውዬ እንግዲህ ቁልፍ ያዡን ትቶ ጎተራውን እናፍርስ ነው የሚለው። በ1925 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ፌሊክስ ማንድል የሚባል ሰርጀን አጥንቱ ያለቀበትን የትራም ሰራተኛ አንገት ከፍቶ ያበጠውን እጢ ሲያወጣለት ነው ሰውየው የተሻለው፣ አጥንቱን አልነካም።

"ባዮፕሲ ተሰርቶ የለ?" ትሉኛላችሁ። ባዮፕሲው (ከአጥንቱ የተወሰደው ናሙና) የሚያሳየው ግዙፍ ሴሎችን ነው፣ ጋያንት ሴል ቲዩመር የሚባለው ሌላ የአጥንት እጢ ላይም ያሉት እነሱው ናቸው፣ ስላይድ ብቻ አይቶ መለየት ፓቶሎጂስቱንም ይቸግረዋል። ካንሰር የሚፈለግበት ፔት ስካንም ላይ እንደ ካንሰር ያበራል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፣ ካልሲየምና ፒቲኤች (ፓራታይሮይድ "አውጡ" የሚልበት ሆርሞን)። ሁለቱም አብረው ከፍ ካሉ አንገቱን እዩ። በካንሰር ምክንያት ካልሲየም ሲጨምር ግን ፒቲኤች አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ይቺን ሳያዩ ስለ ኬሞ ማውራት ምን ይሉታል?

ታዲያ ካልሲየሙ ኖርማል ነው ብላችሁም አትዝጉት፣ ቫይታሚን ዲ ያነሰበት ወይ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ላይ ካልሲየም ሳይጨምር ብራውን ቲዩመር ሊመጣ ይችላል፣ የኩላሊቱ ህክምና ደሞ መንገዱ ሌላ ነው። ካንሰር ያለበት ሰውም ፓራታይሮይዱ ሊታመም ይችላል፣ ስለዚህ "ካንሰር የለም" ብሎ በስልክ ማብሰርም ይቅር።

እጢው ከወጣ አጥንቱ በወራት ውስጥ እየሞላ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ግን ባዶ የቆየው ጎተራ ካልሲየሙን ከደም እየሳበ ይሰበስባል፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ከንፈር ወይ ጣት ከደነዘዘ ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሀኪም ቤት ሂዱ።