ስውር ታሳቢ ምንድን ነው?

ስውር ታሳቢ ተናጋሪው ሳይናገረው የሚያልፈው፣ ሙግቱ ግን ያለ እሱ ሊቆም የማይችል ሐሳብ ነው። ከመነሻው ወደ መደምደሚያው የሚያሻግረው እሱ ነው። ሳይነገር የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በተንኮል አይደለም፤ ለተናጋሪው እጅግ ግልጽ ስለሚመስለው ነው። አድማጩም እንደዚያው የሚያምን ከሆነ ክፍተቱን የሚያይ ሰው ይጠፋል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት የሎጂክ ኮርስም ሆነ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና በኤልሳት ተማሪዎችን የሚያስቸግረው ይህን ሐሳብ ፈልፍሎ ማውጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንውሰድ፦

«በሰፈሩ የመንገድ መብራት ከተተከለ ወዲህ ለፖሊስ የሚቀርበው የስርቆት አቤቱታ ቀንሷል። ስለዚህ መብራቱ ስርቆትን ቀንሷል።»

መነሻው ስለ አቤቱታ ይናገራል፤ መደምደሚያው ስለ ስርቆት። ቃሉ ከተለወጠበት ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ሁለት ምርጫዎች ቀርበዋል እንበል። አንደኛው «ሌቦች የሚሰርቁት በጨለማ ብቻ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የተሰረቁ ሰዎች ለፖሊስ የማመልከት ልማዳቸው አልቀነሰም» ይላል። ብዙ ተማሪ መብራትና ጨለማ ስለሚገጥሙለት የመጀመሪያውን ያከብባል።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማምነው መፈተኛ ምርጫውን መገልበጥ ነው። «አንዳንድ ሌቦች በቀንም ይሰርቃሉ» ብንል ሙግቱ አይናጋም፤ መብራቱ የሌሊቱን ስርቆት ቀንሶ ሊሆን ይችላል። «የተሰረቁ ሰዎች የማመልከት ልማዳቸው ቀንሷል» ብንል ግን የአቤቱታው መቀነስ ስለ ስርቆት የሚነግረን ነገር አይኖርም። ስለዚህ ስውሩ ታሳቢ ሁለተኛው ነው። «ብቻ»፣ «ሁሉም»፣ «ፈጽሞ» የሚሉ ቃላት ያሉበት ምርጫ ሙግቱ ከሚፈልገው በላይ ስለሚናገር ጥርጣሬ ይገባዋል። መገልበጥ ሲባልም «ሁሉም» ወደ «ማንም» ሳይሆን «ሁሉም አይደለም» ወደሚለው ነው የሚዞረው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው።

ነገሩ ከፈተና ወረቀት በላይ መሆኑን የሚያሳየኝ የኤራቶስቴንስ ስሌት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ የግሪክ ሊቅ፣ ፀሐይ በዛሬዋ አስዋን በአናት ላይ በምትሆንበት ቀትር፣ በእስክንድርያ ከአናት የአንድ ክብ 1/50ኛ ያህል፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ዘንበል እንደምትል አወቀ። የከተሞቹ ርቀት 5,000 ስታዲያ (የጥንት ግሪኮች የርቀት መለኪያ) ስለሆነ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ነው አለ። ታሪኩ በየክፍሉ ሲነገር ሁለት ሐሳቦች ይዘለላሉ፦ ምድር ክብ መሆኗ፣ ፀሐይም ጨረሮቿ ትይዩ ሆነው እስኪደርሱን ድረስ እጅግ ሩቅ መሆኗ። እነሱን ገልብጠን ምድርን ጠፍጣፋ፣ ፀሐይን ቅርብ ብናደርጋት ያው ጥላ ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ፀሐይ ከምድር በላይ 40,000 ስታዲያ ገደማ ላይ ትገኛለች። በጥንታዊት ቻይናም ምድርን ጠፍጣፋ አድርገው የተነሱ ሊቃውንት የፀሐይን ከፍታ ከጥላ ርዝመት አስልተው 80,000 ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ) ብለዋል።

ሁለት ከተሞች ብቻ እስካሉን ድረስ ልኬቱ ራሱ አይዳኘንም። ዳኛ የሚሆነው ከአስዋን በጣም የራቀ ሦስተኛ ቦታ ነው። 25,000 ስታዲያ ርቀት ላይ፣ ምድር ክብ ከሆነች ፀሐይ ከአናት 36 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ ጠፍጣፋ ከሆነች ግን 32 ዲግሪ ገደማ ብቻ።