የላቲን ሮክና በሁለት ቋንቋ መዝፈን፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

የላቲን ሮክ የሮክ ጊታርና ድራም ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሜክሲኮ ምት ጋር ተጋብተው የወለዱት ሙዚቃ ነው። ያደገው አሜሪካ ውስጥ፣ ቤት ስፓኒሽ፣ ደጅ እንግሊዝኛ በሚሰሙ ልጆች እጅ ስለሆነ ግጥሙም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ይቀዳል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ስፓኒሹ እንግዳ ነው፤ ልማዱ ግን አይደለም። አንኮበር ሥር ባለችው አልዩ አምባ ገበያ አማርኛና አርጎብኛ ሲደባለቁ ኖረዋል። ወደ ምንጃርና ቡልጋ ዳር ደግሞ አንድ ሰርግ ላይ የአማርኛና የኦሮምኛ ዘፈን ሲፈራረቁ መስማት ብርቅ አይደለም።

የዘውጉ መነሻ ራሱ ከሰርግ ቤት አይርቅም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሜክሲኮ ተወላጆች የተወለደው ሪቺ ቫለንስ በ1958 እ.ኤ.አ. «ላ ባምባ»ን በሮክ ጊታር ሲያወጣ ዜማው በሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ በሰርግ የሚጨፈርበት የሕዝብ ዘፈን ነበር። ዘፋኙ ያደገው በእንግሊዝኛ ነውና የስፓኒሹን ቃል አጥንቶ ነው የዘፈነው። ከ11 ዓመት በኋላ የጊታር ተጫዋቹ የካርሎስ ሳንታና ባንድ የመጀመሪያ አልበሙ ገና ገበያ ሳይወጣ ዉድስቶክ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ድግስ መድረክ ላይ ወጣና ስሙ በአንድ ቀን ናኘ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የላቲን ሙዚቀኛውን የቲቶ ፑንቴን «ኦዬ ኮሞ ቫ» በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን አዲስ ሰው አደረገው። የዚህ ዘፈን ግጥም ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው፤ ቃሉ ያልገባው የእንግሊዝኛ አድማጭም ሳይቸገር ጨፍሮበታል።

ምቱን የሚገዛው ክላቬ ነው። ሁለት አጫጭር እንጨቶች እየተጋጩ አምስት ጊዜ ይመታሉ፤ ሦስቱ ባንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው። ቤዝ ጊታሩም ቀድሞ ይገባል፤ ምቱ ላይ ሲጠብቁት አልፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ በአራት ይቆጠራል፤ የእኛ ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር ነውና እስክስታ የለመደ ትከሻ ክላቬ ላይ መጀመሪያ ይደናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመጫን የሚሞክር ጀማሪ ባንድ የሚሰናከለውም እዚህ ነው፦ ድራሙ በአራት ይሄዳል፣ አጨብጫቢው በስድስት ይከተላል፣ ዘፋኙ መሐል ቤት ይቀራል።

ከበሮን የሚያውቅ ሰው ግን ኮንጋን፣ በእጅ የሚመታውን የኩባ ረጅም ከበሮ፣ ለመልመድ አይቸገርም። በጣርማ በር ጉም ቆዳው እርጥበት የጠጣ ከበሮ ድምፁ ይሞታል፤ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አስጠግተው እስኪወጠር ይጠብቁታል፣ በጣት ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉም ይሞክሩታል። የኩባ ከበሮ መቺዎችም ቆዳው በምስማር ብቻ በሚያያዝበት ዘመን ኮንጋቸውን በእሳት ነበልባል እያሞቁ ነበር የሚቃኙት። የብረት ማጥበቂያው በኋላ የመጣ ነገር ነው።

የኩባ ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ሕፃናት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ተልከው ተምረዋል፤ ስፓኒሽ አፋቸውን የፈቱበት ያህል የሆነላቸው ኢትዮጵያውያን ዛሬም አሉ።

በሁለት ቋንቋ መዝፈን አንድ መልክ ብቻ የለውም። አንዱ ስንኙን በአንዱ፣ አዝማቹን በሌላው ማድረግ ነው፤ ለአድማጭ የሚቀለውም ይኸው ነው፣ ተቀባዩ አዝማቹን ብቻ ይዞ ይገባልና። ሌላው በአንድ መስመር ውስጥ መቀላቀል ሲሆን፣ ቤት መምቻው ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ካልገጠሙ ቀልድ ይመስላል። ሦስተኛው ያንኑ ግጥም ተርጉሞ መድገም ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም የደከመው ነው፤ ሰምና ወርቅ ተተርጉሞ ሲደገም ሰሙ ብቻ ይተርፋል።

ሙላቱ አስታጥቄ ግን ከትርጉምም ቢሆን ቁም ነገር አውጥቷል። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ባሳተማቸው ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች ቪብራፎንን (በመዶሻ የሚመታ ባለ ብረት ጣውላ መሣሪያ) እና ኮንጋን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ሲያዋህድ፣ «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» የሚለውን የጥንት የጀግና ዘፈን በስፓኒሽ ግጥም አስዘፍኗል። ዘፈኑን ወደ አማርኛው መልሶ በክላቬ መጫወት የሚፈልግ ባንድ ካለ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ምቱ ድንገት ቃሉ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ዘፋኙ ሳያውቀው ፊደል ያጠብቃል። «አይፈራም» ሲላላ ልጁ ደፋር ነው። «ፈ»ና «ራ» ከጠበቁ ግን ማንም የማይፈራው ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።