«በአፍ ራም፣ በብብት ቢላዋ»፦ ቢላዋው የተቀመጠበት ቦታ

ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ቤት ወደ አማርኛ የተተረጎመ የሕንድ ፊልም እያየን ነበር። አንድ ሽማግሌ አራጣ አበዳሪውን እያዩ በንዴት «ሙንህ ሜ ራም፣ ባጋል ሜ ጩሪ» አሉ፤ በሂንዲ «በአፍ ራም፣ በብብት ቢላዋ» ማለት ነው። ተርጓሚው ወዲያው «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» አለው። ወዳጄ ደግሞ ባሰበት፤ «አየህ፣ ሕንዶቹ ራሳቸው ራም ራም የሚል ሰው አትመን ይላሉ» ብሎ ደመደመ። ተርጓሚውን ይቅር እለዋለሁ፤ ጩሪና ጩቤ እንዲህ ጆሮ ላይ እየተቀራረቡ ማን አይሳሳትም። የወዳጄን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለስላሳ ቃል ማንም አፍ ላይ ይገኛል። ራም ግን የተለፋበት ቃል ነው። በሂንዱዎች እምነት ራም ቪሽኑ የተባለው አምላክ ሰባተኛ መገለጥ፣ በሰሜን ሕንድ ያለችው የአዮድያ ከተማ ንጉሥ ነው፤ ስሙን ደጋግሞ መጥራት ደግሞ ራሱን የቻለ አምልኮ ነው። «ጃፕ» ይሉታል። ይህን ሳያውቁ አባባሉን መተርጎም ቅርፊቱን ይዞ ፍሬውን መጣል ነው።

ሕንድ አገር በተማርኩባቸው ዓመታት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለዲዋሊ፣ ለሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ከአዮድያ ብዙም ወደማይርቀው የአያቶቹ መንደር ይዞኝ ሄደ። አያቱን ሁላችንም «ዳዲ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ የአባት እናት ማለት ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ይታጠቡና ግቢው መካከል ካለው ቱልሲ አጠገብ ይቀመጣሉ። ቱልሲ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ በብዙ ሂንዱዎች ግቢ ተተክሎ ይከበራል፤ ከግንዱም የመቁጠሪያ ፍሬ ይጠረባል። የዳዲ መቁጠሪያ 108 ፍሬ ነበረው፤ ከዚያ ውጭ አንድ ተለቅ ያለ «ሱሜሩ» የሚባል ፍሬ አለ። ሱሜሩ አይታለፍም። ዙሩ እዚያ ሲደርስ መቁጠሪያው ይገለበጥና በመጣበት ይመለሳል። የሚቆጠረው በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ነው፤ እኛ ሌባ ጣት የምንላት ፍሬውን አትነካም። ሰው ላይ የምትቀሰር ጣት ናትና የራምን ስም አታስቆጥርም ይላሉ። ሌባ ጣት የሚለውን የአማርኛ ስሟን ስነግራቸው ዳዲ እጃቸውን አጨብጭበው ተደሰቱ።

እጃቸው አይታይም። «ጎሙኪ» በሚባል የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው፤ የላም አፍ ማለት ነው። ቆጠራ ለታይታ እንዳይሆን ይሸፈናል። የሚታየው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው፦ «ሽሪ ራም፣ ጄ ራም፣ ጄ ጄ ራም»። ያን ከንፈር ሳየው የገዛ አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷም በንጋት ጨለማ መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ከንፈሯ እንዲሁ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እምነቱ ሌላ፣ ንጋቱ ግን ያው ንጋት ነው።

የጥንት ሕጋቸው ስለ ጃፕ ደረጃ ይናገራል። ጮክ ብሎ ከማለት ማንሾካሾክ ይበልጣል፤ ከማንሾካሾክ ደግሞ በልብ ማለት ይበልጣል። ስሙ ከአፍ ይነሣል፣ ከንፈር ላይ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ልብ ውስጥ ይገባል። የራም ታማኝ አገልጋይ የሆነው የዝንጀሮ አምላክ ሐኑማን ደረቱን ቀድዶ ራምንና ሚስቱን ሲታን ያሳየበት ሥዕል በየሱቁ ግድግዳ የሚሰቀለውም ለዚህ ይመስለኛል። እንግዲህ አባባሉ «በአፍ ራም» ሲል አፍ የመጀመሪያው ጣቢያ ነው። ሰውየው ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ስለ አመጣጡ ሲነሣ አንዳንዶች መንገደኛ መስለው ተጓዥ ይገድሉ የነበሩትን «ታግ» የተባሉ ወንበዴዎች ይጠቅሳሉ፤ እንግሊዞች በ1830ዎቹ ያሳደዷቸውን ማለት ነው። እኔ አልቀበለውም። ታጎች የሚገድሉት በጨርቅ አንቀው ነው፤ አባባሉ ግን ቢላዋ ይላል። ይልቅ ልቤ የራምን ታሪክ በግጥም ጻፈ ወደሚባለው ወደ ቫልሚኪ ተረት ያደላል። ወንበዴ ነበር፤ ኃጢአቱ ከመብዛቱ የተነሣ ራም ማለት አቃተው። ስለዚህ «ማራ፣ ማራ» በል ተባለ፤ ሞተ ሞተ እንደማለት ነው። እያፈጠነ ሲደጋግመው ማራ ተገልብጦ ራማ ሆነ። ምስጥ ኩይሳ ሠርቶ እስኪሸፍነው ድረስ ከቦታው አልተነሣም፤ ስሙም ከኩይሳው መጣ። ራም ማለት ባይችልም ቢላዋውን ጥሎ ነበር። የእኛ አስመሳይ የእሱ ግልባጭ ነው፤ ስሙን አጥርቶ ይላል፣ ቢላዋውን ግን አልጣለም።

ከሁሉ በላይ የማምንበት ግን የራሴ ግምት ነው። «ባጋል» ከፋርስኛ ወደ ሂንዲ የገባ ቃል ነው፤ ብብት፣ ጎን ማለት ነው። መቁጠሪያ የያዘ ከረጢት ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል የሚያርፈው የት ነው? ጎን ላይ፣ ብብት ሥር። አባባሉን የፈጠረው ገበሬ ጃፕ አድራጊ ሲመጣ ያየው ይህንኑ ነው፦ የሚንቀሳቀስ ከንፈር፣ ጎን ላይ ያለ የተሸፈነ እጅ። የጨርቁን ውስጥ ማየት አይችልም። እናም ቢላዋው የተቀመጠው መቁጠሪያው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ነው። የእኛ ጩቤ ልብ ውስጥ ነው፤ የእነሱ ከረጢት ውስጥ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

በዚያው የዲዋሊ ሰሞን በዳዲ መንደር ሩዝ ታጭዶ ነበር። አውድማው ላይ ሰፋሪው የመጀመሪያውን ስፍር «አንድ» አይለውም፤ «ራም» ይላል። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት ይቀጥላል። ልኬቱ የሚጀምረው በስሙ ነውና ገዢም ሻጭም ይረጋጋል። በዚያ ስም ተጀምሮ የጎደለ ስፍር ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አስቡት። የአባባሉ ምሬት ከዚህ ይመነጫል፤ የተሰረቀው እህሉ ብቻ አይደለም፣ ስሙም ጭምር ነው።

ደግሞም ይህ ስም ምን ሲሠራ እንደኖረ ማወቅ ይገባል። ጋንዲ ልጅ ሳሉ ጨለማ ይፈሩ ነበር፤ ራምባ የምትባል የቤታቸው ሞግዚት ራም በል እያለች አስተማረቻቸው። በ1948 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር ከተገደሉ በኋላ ዴልሂ ራጅ ጋት ባለው መታሰቢያቸው ላይ የተቀረጸው «ሄ ራም» የሚል ነው። በሰሜን ሕንድ አስከሬን ሲሸኝም «የራም ስም እውነት ነው» እየተባለ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመን ስም የአጭበርባሪ ምልክት አድርጎ መተርጎም ነውር ነው። 

አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከዳዲ አፍ መሆኑን ለወዳጄ ነገርኩት። አንድ ማለዳ ወተት ሻጩ «ራም ራም፣ እማማ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ገባ፤ ወተቱ በውኃ ቀጥኖ ነበር። ዳዲ ቀና ብለው አዩትና «ሙንህ ሜ ራም፣ ባጋል ሜ ጩሪ» አሉት። ከዚያ ዝም አሉ። ሲቆጥሩ የነበረው ዙር አጋማሹን አልፎ ነበር፤ በመሐል ሰው ስለ ተናገሩ እጃቸውን ወደ ጎሙኪው መልሰው ከመጀመሪያው ፍሬ ጀመሩ።